የአባ ዮሐንስ ሐጺርን ገድል ለሕፃናት ክፍል እንዴት እናስተምር?

ዮሐንስ ሐጺር (አጭሩ ዮሐንስ) የግብፅ በረሃ መነኩሴ ነው፤ ዕረፍቱ ጥቅምት 20 ቀን ነው። ነሐሴ 29 ደግሞ ፍልሰተ ዐፅሙ ስለሚታሰብ ቀኖቹን የሚያምታቱ አሉ። ትምህርቱን ከጥቅምቱ በዓል በፊት ባለው እሑድ ስጡ፤ 40 ደቂቃ ይበቃል።

ብዙ ሰው ስለ ዮሐንስ የሚያውቀው የደረቀችውን እንጨት ብቻ ነው። በእርሷ ከጀመራችሁ የቀረውን ማንም አይሰማችሁም። መጀመሪያ ወጣቱን አሳዩ፦ በ4ኛው መቶ ዓመት ግብፅ ተወልዶ በ18 ዓመቱ ወደ አስቄጥስ ገዳም ገባ። አንድ ቀን እንደ መላእክት ሳልሠራ ላመስግን ብሎ ልብሱን ጥሎ በረሃ ወረደ። ከሳምንት በኋላ መጥቶ ቢያንኳኳ ወንድሙ «ዮሐንስማ መልአክ ሆኗል፤ ከሰው ጋር የለም» ብሎ ውጭ አሳደረው። ሲነጋ ሰው እንደሆነና ለመብላት መሥራት እንዳለበት ነገረው። ልጆቹ ይስቃሉ፤ ይሳቁ።

ከዚያ ወደ ሥራው ግቡ። መነኮሳቱ ዘንባባ ጎንጉነው ቅርጫት ይሠሩ ነበር። ዮሐንስ ልቡ በተመስጦ ስለሄደ ለሁለት ቅርጫት የሚሆነውን ጉንጉን ለአንዱ አውሎት ግድግዳው ጋ ሲደርስ ነው ያወቀው። ለማሳየት የዘንባባ ቅጠል በጣት ስፋት ሰንጥቁ፤ ለአንድ ልጅ 3 ስንጥቅ ይበቃል። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ይደር፤ ካልራሰ እጥፋቱ ላይ ይሰበራል። በድሬዳዋ ሙቀት የራሰውም ቶሎ ስለሚደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አምጡት። የሐረር ስፌት ናሙና አድርጋችሁ አታቅርቡ። ውበቱ አያጠያይቅም፤ ግን ሣር እየተጠመጠመ የሚሰፋ ነው፣ አሠራሩ ሌላ ነው።

አሁን እንጨቷ ትምጣ። ክንድ የምታህል በትር አሸዋ በሞላ ባልዲ ውስጥ ትከሉ። ከአጥር ቅንጭብ እንዳትቆርጡ፦ ወተቱ ዓይን ያቃጥላል፣ ከዚያም በላይ ተቆርጦም ስለሚበቅል ታሪኩን ያበላሽባችኋል። ስትታጠፍ ቀጭ ብላ የምትሰበር፣ በእርግጥ የደረቀች ትሁን። ለእያንዳንዱ ልጅ በ5 ሊትር ጀሪካን ውኃ አሸክማችሁ ግቢውን አዙሩ፤ ትንንሾቹን በ2 ሊትር። ፀሐይ ሳይበረታ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ይሁን። ድካሙን ከቀመሱ በኋላ ንገሯቸው፦ የዮሐንስ መምህር ደረቅ በትር ተክሎ «ፍሬ እስክታፈራ አጠጣት» አለው። ውኃው ሩቅ ስለነበር ማታ ወጥቶ ሲነጋ ነበር የሚመለሰው። ማታ ከድሬዳዋው ሳቢያን ሰፈር ተነሥቶ በሐረር መንገድ ዳገቱ ላይ ያለው ደንገጎ ደርሶ እንደመመለስ አስቡት። ከ3 ዓመት በኋላ እንጨቷ አፈራች፤ መምህሩም ፍሬውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ መነኮሳቱን «የመታዘዝን ፍሬ ብሉ» አላቸው። 3ቱን ዓመት በአንድ ዓረፍተ ነገር አትዝለሉ፤ ሲቸኮል ታሪኩ አስማት ይመስላል። የመምህሩ ስም አጻጻፍ ከቅጂ ቅጂ ስለሚለያይ በደብራችሁ ስንክሳር (የቅዱሳን ታሪክ በየዕለቱ የሚነበብበት መጽሐፍ) እንደተጻፈው ጥሩት።

ስደቱን ከ12 ዓመት በላይ ላሉት ብቻ አስተምሩ። በርበሮች የተባሉት የበረሃ ወራሪዎች አስቄጥስን ሲወሩ ዮሐንስ ወደ ቁልዝም፣ ዛሬ ሱዌዝ ወዳለችበት አካባቢ ሄደ፤ ያረፈውም እዚያው ነው። ፈሪ መሰለ ብለው ይህን የሚዘሉ መምህራን ተሳስተዋል። ሞትን ፈርቶ ሳይሆን፣ ገዳዩ በእርሱ ምክንያት ገሃነም እንዳይገባ ነው የሸሸው። ከሁሉ ይልቅ ልጆቹን የሚያከራክራቸው ይህ ስለሆነ 10 ደቂቃ ተዉለት።