በጅማ አየር ጊታር ሲመርጡ፦ ሙሉ እንጨት ወይስ ጀርባው ክብ?

ጅማ ዝናብ የሚበዛባት ከተማ በመሆኗ፣ በዚህ ጊታር የሚገዛ ሰው ከድምፁ እኩል የአየሩን እርጥበት ማሰብ ይኖርበታል። ሙሉ በሙሉ ከእንጨት ለተሠራ ጊታር የሚስማማው ከ45 እስከ 55 በመቶ የሚደርስ አንጻራዊ እርጥበት ነው፤ ከዚያ እጅግ ሲያልፍ እንጨቱ እርጥበት ስቦ የፊት ሳንቃው ያብጣል፣ ክሮቹም ከአንገቱ ርቀው ለጣት ይከብዳሉ።

ጀርባው እንደ ቅል የጎበጠውን ጊታር በ1966 እ.ኤ.አ. ይዞ የመጣው የአሜሪካው ኦቬሽን ሲሆን፣ መሥራቹ ቻርልስ ካማን ሄሊኮፕተር ሠሪ መሐንዲስ ነበር። ጀርባው በፋይበርግላስና በሙጫ ስለሚሠራ እርጥበት አይበግረውም፤ ፊቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንጨት ነውና ጨርሶ ጥንቃቄ አያሻውም ማለት አይደለም።

ለማወዳደር ሁለቱንም በተመሳሳይ ክርና ቅኝት፣ አስቀድመው ያለ ድምፅ ማጉያ ይጫወቱባቸው። ወፍራሞቹ ክሮች በእንጨቱ ሞላ ብለው ሲሰሙ፣ በክቡ ጥርት ያለው ቀጭን ድምፅ ይጎላል። ከዚያም ተቀምጠው ይያዟቸው፤ ክቡ ከጭን ላይ ስለሚንሸራተት ማንገቻ ይፈልጋል። በእኔ ግምት፣ ቤት ውስጥ ለሚጫወት እንጨቱ ይሻላል፤ ጠንካራ ሣጥንና እርጥበት መጣጭ ከረጢት ግን አብሮ ይግዛ። በየሠርጉ በማጉያ ለሚጫወት ክቡን እመርጣለሁ።