የጨረታ መኪና ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መላው

ከዓመታት በፊት እዚሁ አዳማ አንድ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ በጨረታ ገዛሁ። አሸነፍክ ተብዬ እጄን ጨበጡኝ። ጓደኞቼም ውለው ሳያድሩ ጥሬ ሥጋ አስቆረጡኝ። በሦስተኛው ቀን መካኒክ ይዤ መኪናዋን ላስነሳ ሄድኩ። ቁልፍ ቢዞር፣ ባትሪ ቢቀየር፣ ወይ ፍንክች። መካኒኩ ዳሽቦርዱን ፈታና ሳቀ። የሞተሩ ኮምፒውተር የለም። ሽቦው ብቻ ተንጠልጥሏል።

ወደ ሻጩ መሥሪያ ቤት ሮጥኩ። «ባለበት ሁኔታ ነው የገዙት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል። እኔ ያነበብኩት መነሻ ዋጋውን ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለዘመድም ብዙ ግቢ ዞሬያለሁ። የባንክ ሐራጅ፣ የፍርድ ቤት አፈጻጸም፣ የጉምሩክ ውርስ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገለ ንብረት፣ ሁሉም የየራሱ ጣጣ አለው። ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እነሆ። ከወረቀቱ እጀምራለሁ፤ ሞተር ይጠገናል፣ ወረቀት ግን አንዳንዴ አይጠገንም።

«መነሻ ዋጋው የገበያው ግማሽ ነው። ምን ጉድ ነው?»

ብዙ ጊዜ ምንም ጉድ የለም። መነሻ ዋጋ መነሻ ነው። ሰው እንዲመጣ ዝቅ ተደርጎ ይጻፋል። በተለይ በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለና በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ ቪትዝ እንኳ ተፈላጊ ሆናለች። በመነሻ ዋጋው ይዣት እወጣለሁ ብላችሁ አትሂዱ።

ሁለተኛው ምክንያት ቫት ነው። ማስታወቂያው ላይ «ከቫት በፊት» ወይም «ቫትን ሳይጨምር» የሚል ካለ 15 በመቶው የእናንተ ነው። እንበል በ900,000 ብር አሸነፋችሁ። ቫቱ 135,000 ይሆናል። ድምሩ 1,035,000። ገና ጎማ አልገዛችሁም፣ ስም አላዞራችሁም፣ በክሬን አላስጎተታችሁም።

ሦስተኛው ምክንያት ነው ሰው የሚያስለቅሰው። መኪናው ከቀረጥ ነፃ የገባ ሊሆን ይችላል። የእርዳታ ድርጅት ወይም የፕሮጀክት መኪና ሲሸጥ «ቀረጥና ታክሱን ገዢው ይከፍላል» የሚል መስመር ታች ላይ፣ በደቃቁ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ያ መስመር ካለ ዋጋ ከመጻፋችሁ በፊት ወደ ጉምሩክ ሂዱ። የአዳማ ቅርንጫፍ እዚሁ ነው። የመኪናውን ዓይነት፣ የተሠራበትን ዓመትና የሞተሩን ሲሲ ይዛችሁ ስንት እንደሚመጣ ጠይቁ። አንዳንዴ ቀረጡ ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል። መኪናው ረክሶ የታያችሁም ለዚሁ ነበር።

«ሰነዴን ሳያዩት ጣሉት»

ይሄ አጭር ነው። ሲፒኦው (ለማስያዣ ባንክ የሚያሠሩት የክፍያ ማዘዣ) ላይ የተጻፈው የተቋሙ ስም ከማስታወቂያው ጋር አንድ አይደለም። ወይ የማስከበሪያው ገንዘብ ትንሽ ጎድሏል። ወይ ኤንቨሎፑ አልታሸገም፣ ስምና የመኪናው ሰሌዳ አልተጻፈበትም። ወይ 4:00 ይዘጋል የተባለው ሳጥን ጋ 4:10 ላይ ደርሳችኋል። ባንኮች ብዙ ጊዜ የመነሻ ዋጋውን ሩብ በሲፒኦ ይጠይቃሉ። ሌላው መሥሪያ ቤት የራሱን መጠን ያወጣል። ስሙን ፊደል በፊደል ከማስታወቂያው ላይ ገልብጡ። ሲፒኦውን ከአንድ ቀን በፊት አሠሩ። የባንክ ሲስተም የሚጠፋው ሁልጊዜ በጨረታው ቀን ጠዋት ነው!

«የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አልገጥም አለ»

ቆም በሉ። በጨረታ መኪና ላይ ከዚህ የሚከብድ ምልክት የለም።

መጀመሪያ በትክክል ማንበባችሁን እርግጠኛ ሁኑ። ጭቃና ግሪስ 8ን 3 ያስመስላል። ናፍጣ በነካ ጨርቅ ጥረጉት፤ ወረቀት ለጥፋችሁ በእርሳስ ፈግፍጉበት። ከጃፓን በቀጥታ የመጡ ቶዮታዎች ቁጥር 17 ፊደል የለውም፤ አትደንግጡ። የመጀመሪያዋ ቪትዝ ለምሳሌ ኤስሲፒ10 ብሎ ይጀምርና ከሰረዝ በኋላ ቁጥር ይቀጥላል። የታተመውም ብዙ ጊዜ ሞተሩንና ካቢናውን በሚለየው ላሜራ ላይ ነው። ሃይሉክስ ላይ በቀኝ የፊት ጎማ በኩል ያለውን ሻንሲ ፈልጉ።

ሻንሲው ገጥሞ የሞተር ቁጥሩ ብቻ ከተለየ፣ ምክንያቱ ሞተር ተቀይሮ ሊብሬ ላይ አለመመዝገቡ ነው። በመንግሥት መኪና ይሄ ብርቅ አይደለም። መፍትሄው ሻጩ ሞተሩ የተገዛበትን ሰነድና ለትራንስፖርት ቢሮ የሚጻፍ ደብዳቤ እንዲሰጥ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። «እሺ እንሰጣለን» የሚል ቃል አይበቃም። በጽሑፍ ይሁን።

ሻንሲው ራሱ ካልገጠመ፣ ወይም ቁጥሩ ዙሪያ የብየዳና የመፋቂያ ምልክት ካለ፣ ጥላችሁ ውጡ። እዚህ ላይ ብልሃት የለኝም።

«ቁልፍ ሲዞር ጸጥ ይላል»

ግቢ ውስጥ ዓመት የቆመ መኪና ባትሪው መሞቱ የታወቀ ነው። የአዳማ ፀሐይ ደግሞ ባትሪም፣ ጎማም፣ ዳሽቦርድም አይምርም። ስለዚህ አለመነሳቱ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። እዚያ ጋ ነው ችግሩ። ባትሪ ነው ብላችሁ የተዋችሁት ነገር የእኔን ዓይነት ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል።

ማስታወቂያው መኪናውን መጎብኘት የሚቻልበትን ቀን ይጽፋል። በዚያ ቀን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ፤ የግማሽ ቀን አበሉን ክፈሉት። የራሳችሁን ባትሪ ይዛችሁ ሄዳችሁ ኮሚቴውን አስፈቅዱ። አንዳንዱ ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ አይፈቅድም። ካልፈቀዱ ቢያንስ ኮፈኑ ይከፈት። ዲናሞ አለ? ሞተሪኖ (ማስነሻው) አለ? ራዲያተሩ የራሱ ነው ወይስ ቦታው ባዶ ነው? ኮምፒውተሩ ከጓንት ማስቀመጫው ጀርባ ቦታው ላይ ተቀምጧል? የጠፋውን ሁሉ በስልክ ፎቶ አንሱ። ከጉብኝቱ በኋላ፣ መኪናው ሳይወጣ፣ ሌላ ዕቃ ቢጠፋ የምትከራከሩት በዚያ ፎቶ ነው።

የእኔዋ ሃይሉክስ ኮምፒውተር በመጨረሻ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተገኘላት። የራሷ ይሁን የሌላ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል»

የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስባችሁ አውጡ። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል፣ ወይም ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ተሰንጥቋል። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ ትንሽ ነጭ አረፋ ካለ ግን አትፍረዱባት፤ ረጅም ጊዜ በመቆም ወዝ ሊይዝ ይችላል። ዘንጉ ነው ዳኛው።

ይህን አዳማ ውስጥ ማስተዋል ከባድ ነው። ከተማችን ሜዳ ናት። ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ የምትነዳ መኪና ሙቀቷ አይነሳም። የፍጥነት መንገዱን ይዛችሁ ወደ አዲስ አበባ ስትወጡ ግን 85 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ብዙ መቶ ሜትር ሽቅብ ትወጣላችሁ። የደከመች ጓርኒሲዮን እዚያ ትጋለጣለች። በጨረታ ግቢ ይህን መሞከር አይቻልም። ስለዚህ ራዲያተሩ ውስጥ የዘይት ቅባት ካያችሁ፣ ወይም ክዳኑ አካባቢ የፈላ ውሃ ደርቆ የተወው ዝገት ካለ፣ የሞተር ሥራ ዋጋ ቀንሳችሁ ተጫረቱ። ቀንሳችሁ ካላሸነፋችሁ ምንም አልጎደለባችሁም።

«ውስጡ ይሸታል»

የረጠበ ምንጣፍ ሽታ የጎርፍ መኪና ምልክት ነው። አዋሽ ሞልቶ ወንጂ አካባቢ ውሃ የገባባቸውን ክረምቶች የምታስታውሱ አላችሁ። የወንበር ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ጎትቱት። ሲታጠብ ማንም የማያስታውሰው ቦታ እሱ ነው። የጭቃ መስመር ካለ ውሃው እስከዚያ ደርሷል። ከወንበሩ ሥር ያሉትን ብሎኖች ደግሞ በስልክ መብራት እዩ። የዛጉ ከሆነ ነገ የሚያስቸግራችሁ ሽቦው ነው፣ እሱ ደግሞ ዛሬ ደህና ነገ ሙት ነው። እኔ አልገዛም።

«ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ነው፣ ፔዳሉ ግን አልቋል»

ቆጣሪውን እርሱት። ፔዳሉን፣ መሪውንና የሾፌሩን ወንበር እመኑ። የመንግሥት መኪና ከሆነ የጥገና መዝገቡን ጠይቁ። ጎማው ላይ ያሉት አራት አሃዞችም ይናገራሉ፤ 3217 ካለ በፈረንጆቹ 2017 በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር፣ በዚህ ፀሐይ የቆመ ጎማ ይዛችሁ ፍጥነት መንገድ አትግቡ።

«አንድ ሰውዬ ‘አንተ ተወው፣ እኛ እናመጣልሃለን’ አለኝ»

ግቢው ውስጥ ሦስት አራት ሆነው የሚቆሙ፣ የማይጎበኙ፣ ግን የሚጫረቱ ሰዎች ታያላችሁ። ተመካክረው ይመጣሉ። ሌላውን ያስወጡና በኋላ እርስ በርስ ይቀባበሉታል። አንዳንዱ በጆሯችሁ መጥቶ መኪናዋን ያጣጥላል፦ «ሞተሯ ሦስቴ ወርዷል፣ ወንድሜ አትልፋ።» የእሱን ወሬ ትታችሁ የመካኒካችሁን ቃል ያዙ።

ሌላው ደግሞ በቴሌግራም የሚመጣው ነው። የሚያምር ፎቶ፣ የባንክ ዓርማ፣ «ቅድመ ክፍያ በቴሌብር ይላኩ» የሚል ቃል። እውነተኛ ጨረታ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ አዲስ ዘመንና ሪፖርተር ላይ ፈልጉት። የሚያስይዙትም ሲፒኦ በተቋሙ ስም ነው። የግለሰብ አካውንት የሚጠይቅ ጨረታ የለም። ቅርንጫፉ ድረስ በእግር ሂዱና ጠይቁ።

«ጨረታው ላይ ሳላስበው ዋጋ ወጣሁ»

እሱን ሁላችንም ነን። በሐራጅ ሰው ፊት ቆሞ ዋጋ ሲጠራ እልህ ይይዛል። ከፊት የቆመው ሰው 10,000 ሲጨምር እኔ ደግሞ ለምን አንሳለሁ ይባላል። ጣሪያችሁን ቤት ሆናችሁ ጻፉ። ካላችሁ ገንዘብ ላይ ቫቱን፣ ጥገናውን፣ ስም ማዛወሪያውን ቀንሳችሁ የቀረው ነው ጣሪያው። ወረቀቱን ሚስታችሁ ወይም ባላችሁ ትያዘው፣ አብራችሁም ትምጣ። አሸንፋችሁ ቀሪውን በቀኑ ካልከፈላችሁ፣ በባንክ ሐራጅ ብዙ ጊዜ 15 ቀን ነው፣ ያስያዛችሁት ይቀራል።

«ከፈልኩ፣ ስሙ ግን አልዞርም አለ»

ይህ ብዙ ሰው የሚመላለስበት ነው። ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው።

አንደኛ፣ እገዳ። መኪናው ሌላ ቦታ ዋስ ሆኗል፣ ወይም ባለዕዳው ፍርድ ቤት ሄዶ እግድ አውጥቷል። ባንክ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ሲሸጥ ባለዕዳውን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ አለበት፤ ባለዕዳውም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከመጫረታችሁ በፊት ሰሌዳውን ይዛችሁ ፋይሉ ያለበት ትራንስፖርት ቢሮ ሂዱና ዕዳና እገዳ እንዳለበት ጠይቁ። ለባለቤቱ ብቻ ነው የምንናገረው ካሏችሁ፣ ሻጩ ማጣሪያ እንዲያቀርብ በጽሑፍ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ፋይሉ ሌላ ከተማ ነው። መኪናዋ አዳማ ግቢ ቆማ ሰሌዳዋ አአ ሊሆን ይችላል። ፋይሉ እስኪመጣ ትመላለሳላችሁ። ኮድ 4 (የመንግሥት) ሰሌዳ ከሆነም ሰሌዳውን መልሶ አዲስ ማውጣት አለ።

ሦስተኛ፣ ያልታደሰ ቦሎና የተከማቸ ክፍያ። ይሄ በገንዘብ ያልቃል፤ ማን እንደሚከፍል ግን ማስታወቂያው ላይ ፈልጉ። ዝም ካለ እናንተ ናችሁ።

ከሻጩ ስትወጡ የአሸናፊነት ደብዳቤ፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ ዋናው ሊብሬ፣ ለትራንስፖርት የተጻፈ ስም ይዛወር የሚል ደብዳቤ፣ እገዳ ካለም የማንሻ ደብዳቤ በእጃችሁ ይሁን። አንዱ ጎድሎ «ነገ ና» ካሏችሁ ነገ ሂዱ። ከነገ ወዲያ ኃላፊው ሊቀየር ይችላል።

መኪናዋንም ቶሎ አውጡ። ከተባለው ቀን ያለፈ የማቆያ ሊቆጠርባችሁ ይችላል። የሦስተኛ ወገን መድን ሳይገባላት መንገድ ላይ አትነዷት፤ አስጎትቷት። ጋራዥ ስትደርስ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት አሮጌው ነዳጅ ይቀዳ፣ ዘይትና ውሃው ይቀየር። የአየር ማጣሪያውንም ፈታችሁ እዩ። የእኔዋ ውስጥ አይጥ ወልዳ ነበር።