ራሱን የሚሽር አንቀጽ በቅሬ ደንብ ውስጥ እንዳይገባ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የቅሬ፣ ማለትም የዕድር፣ ደንብ ሲረቀቅ መዋጮውና ቅጣቱ አጥብቆ ያከራክራል። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ አንቀጹ ሥራ ላይ በዋለ ጊዜ ራሱን ያፈርስ እንደሆነ መጠየቅ አለበት እላለሁ፤ እንዲህ ያለው ጉድለት ጠብ እስኪነሣ ድረስ አይታይምና።

መፈተኛው አንቀጹን በራሱ ላይ ማዞር ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ «እዚህ ማስታወቂያ መለጠፍ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት በቃሉ ከሄድን ራሱም መነሣት ነበረበት፤ ሆኖም አንባቢው «ከዚህኛው በስተቀር» ብሎ ስለሚረዳው ማንንም አያጣላም። በደንብ ላይ ግን እንዲህ ያለ መግባባት አይታመንም። ለምሳሌ «ሂሳብ መርማሪው የራሳቸውን መዝገብ የማይመረምሩትን ኃላፊዎች ሁሉ መዝገብ ይመርምር፤ ራሳቸው የሚመረምሩትን ግን አይመርምር» ተብሎ ቢጻፍና መርማሪውም መዝገብ ያለው ኃላፊ ቢሆን፣ የራሱን መዝገብ ከመረመረ ተከልክሏል፣ ካልመረመረ ደግሞ ግዴታ አለበት። ይህን አንቀጽ ሊፈጽም የሚችል መርማሪ የለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ረስል እ.ኤ.አ. በ1901 በሒሳብ የስብስቦች ንድፈ ሐሳብ ውስጥ ያገኘው ቅራኔም (ራሳቸውን የማይዙ ስብስቦች ሁሉ የሚገቡበት ስብስብ ራሱን ይይዛል ወይስ አይይዝም የሚለው) አካሄዱ ይኸው ነው። መፍትሔው «ከራሱ በስተቀር» ብሎ መጻፍና የመርማሪውን መዝገብ ጉባኤው ለሚመርጠው ሌላ አባል መስጠት ነው።

በመሣሪያ ላይ ግን ራስን መሻር ሥራ ይሠራል፤ ይህን በግልጽ የሚያሳየው የድሮው የኤሌክትሪክ ደወል ነው። ክዳኑ ሲነሣ በብረት ላይ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ፣ ከፊቱ በስፕሪንግ የተያዘ መዶሻ ያለው የብረት ምላስ፣ ከምላሱ ጀርባ ደግሞ የምትነካው ብሎን ይታያሉ። ቁልፉ ሲጫን ኤሌክትሪኩ በብሎኗና በምላሱ በኩል ወደ ሽቦው ያልፋል፤ ብረቱ ማግኔት ሆኖ ምላሱን ሲስበው መዶሻው ይመታል፤ የተሳበው ምላስ ግን ከብሎኗ ስለሚለይ መስመሩ ይቋረጣል፣ ማግኔትነቱ ይጠፋል፣ ስፕሪንጉም ምላሱን ወደ ብሎኗ ይመልሰዋል። ከተገናኘ ይለያያል፣ ከተለያየ ይገናኛል፤ በመርማሪው ላይ የደረሰው ይኸው ነበር፤ ደወሉን ከመቆም ያዳነው በመገናኘቱና በመለያየቱ መካከል ጊዜ መኖሩ ነው። ደወሉ አንዴ ብቻ መትቶ ዝም ካለ ብሎኗ ከመጠን በላይ ገብታ ምላሱን ተከትላዋለች ማለት ነው፤ ጭራሽ ካልመታ ወይ ርቃለች ወይ መነካኪያው በብልጭታ ጠቁሯል፤ መብራቱን ካቋረጡ በኋላ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ማጽዳትና ብሎኗን በጥቂት በጥቂቱ ማስተካከል ነው። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ ማርቪን ሚንስኪ አስቦት የሒሳብ ሊቁና መሐንዲሱ ክሎድ ሻነን የሠራው ሳጥን ደግሞ ማብሪያው ሲነካ እጅ አውጥቶ ራሱን ከማጥፋት በቀር ሌላ ሥራ የለውም።

ስለዚህ ራሱን እንዲሽር የሚፈለግ ጊዜያዊ ደንብ ሲጻፍ ቅደም ተከተሉ ይለይ። «ጠቅላላ ጉባኤው በተከፈተ ጊዜ ይህ ደንብ ይሻራል» ማለት አደገኛ ነው፤ የጉባኤው ሥልጣን የመጣው ከዚያው ደንብ ከሆነ፣ ገና ሲከፈት ሥልጣኑ አብሮ ይሻራልና። «ጉባኤው አዲሱን ደንብ ባጸደቀ ማግስት ይህ ደንብ ይሻራል፤ በእርሱ መሠረት የተላለፉ ውሳኔዎች ግን የጸኑ ይሆናሉ» ተብሎ ይጻፍ።