የአንድ የሕንድ ገጠር መንደር የሕዝብና የትራንስፖርት መግለጫ እንዴት ይዘጋጃል?

ስለ አንዲት የሕንድ መንደር አጭር መግለጫ ጻፉ ብትባሉ መረጃ አታጡም። የአገሪቱ ሕዝብ ቆጠራ ከ600 ሺህ በላይ መንደሮችን አንድ በአንድ መዝግቧል። የሚያስቸግረው ሰንጠረዡን በትክክል ማንበቡ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው።)

መጀመሪያ መንደሯን ለዩ። ራምፑር የሚባል መንደር ሰሜን ሕንድ ውስጥ ሞልቷል፤ በስም ብቻ ከፈለጋችሁ የሌላዋን ቁጥር ይዛችሁ ቁጭ ነው። ከግዛት ወደ ዲስትሪክት፣ ከዲስትሪክት ወደ ተህሲል (የኛን ወረዳ አስቡ፤ አንዳንድ ቦታ ታሉክ ይሉታል)፣ ከዚያ ባለስድስት አሃዙ የመንደር መለያ ላይ ድረሱ።

ቀጥሎ የዲስትሪክቱን የቆጠራ መጽሐፍ አውጡ። አንዱ ክፍል የሕዝቡን ቁጥር፣ ሌላው አገልግሎቶችን ይዟል። የ2021 ቆጠራ በኮቪድ ተራዝሞ ወደ 2027 ስለተገፋ የምትይዙት የ2011ን ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሳትጠቅሱ ቁጥር አትጻፉ። ኮማዋንም ተጠንቀቁ፦ ሕንዶች 125 ሺህን 1,25,000 ብለው ነው የሚጽፉት።

አሁን ወደ ስሌቱ። ለምሳሌ ያህል 1,200 ሰው አለ እንበል፤ 620 ወንድ፣ 580 ሴት። 580ን ለ620 አካፍላችሁ በ1,000 ስታባዙ ለ1,000 ወንድ 935 ሴት ታገኛላችሁ። ማንበብና መጻፍ የሚችሉት 728 ቢሆኑስ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ 728ን ለ1,200 አካፍሎ 61 በመቶ ይላል። ቆጠራው ግን ይህን የሚለካው ከ7 ዓመት ጀምሮ ላሉት ብቻ ስለሆነ ከ0 እስከ 6 ዓመት ያሉትን ሕፃናት መጀመሪያ መቀነስ አለባችሁ። 160 ከሆኑ 1,040 ይቀራል፣ ውጤቱም 70 በመቶ ነው። ስፋቱ በሄክታር ነው የሚሰጠው፤ ለ100 አካፍላችሁ ወደ ካሬ ኪሎ ሜትር ቀይሩት።

ትራንስፖርቱ ላይ ደግሞ ረጋ በሉ። አውቶቡስ፣ ባቡር ጣቢያ፣ ታክሲ፣ አውቶ (እኛ በሕንዱ ኩባንያ ስም ባጃጅ የምንለው)፣ በእንስሳ የሚጎተት ጋሪ ሳይቀር የየራሱ ዓምድ አለው። 1 ማለት አለ፣ 2 ማለት የለም ነው። ከሌለ ርቀቱ በፊደል ይሰጣል፦ ኤ ከ5 ኪሎ ሜትር በታች፣ ቢ ከ5 እስከ 10፣ ሲ ከ10 በላይ።

መንገድና አውቶቡስን አታምታቱ። አስፋልት ገብቶ አውቶቡስ የማይገባባት መንደር ትኖራለች። የመንገዱ ዓይነትም ይጻፍ፤ ፓካ የሚሉት ጠንካራውን ነው፣ ካቻ የሚሉት የአፈሩን ወይም የጠጠሩን። ቃሎቹ ቃል በቃል «የበሰለ» እና «ጥሬ» ማለት ናቸው፤ ጥሬው መንገድ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ ምን እንደሚሆን የገጠር ልጅ ለሆነ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ሁለቱን መረጃዎች ማገናኘት ደግሞ ለኔ ዋናው ጣዕም ነው። በ2000 የተጀመረው የጠቅላይ ሚኒስትሩ የገጠር መንገድ ፕሮግራም መነሻው መንገድ የሌላቸውን ሰፈሮች ማገናኘት ነበር፤ መስፈርቱ በሜዳማ አካባቢ ቢያንስ 500 ሰው፣ በተራራማና በረሃማ አካባቢ 250 ሲሆን መለኪያው የ2001 ቆጠራ ነበር። የተቆጠረው ሰፈር እንጂ መንደር አይደለም። ስለዚህ 1,200 ሰው ያላት መንደር በአራት ሰፈር ተበታትና ከሆነ አንዱም ሰፈር 500 ላይሞላ ይችላል።

ስትጽፉት እንዲህ በሉ፦ «በ2011 ቆጠራ 1,200 ነዋሪ ነበራት። አውቶቡስ አይገባባትም፤ ለመሳፈር ከ5 እስከ 10 ኪሎ ሜትር መሄድ ያስፈልጋል። ባቡር ጣቢያው ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።» ሲ የምትለዋን ፊደል ብቻ አይታችሁ «ባቡሩ 11 ኪሎ ሜትር ላይ ነው» ካላችሁ ግን ቁጥሩን የፈጠራችሁት እናንተ ናችሁ።