ቅባት ሲወርድ ዘይት አትጨምሩ፦ በወተት ላም አመጋገብ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«የወተቱ ቅባት ወረደብኝ፤ ምን ልስጣት?» የሚለውን ጥያቄ የማልሰማበት ጊዜ የለም። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ቀድሞ በተሰጣት ነገር ላይ ነው።

ቅባት ፍለጋ ቅባት ማብላት

ይሄኛው በጣም ያንገበግበኛል። ጀማሪ አርቢ ቢሳሳት አልፈርድበትም፤ ነገሩ እውነት ይመስላላ! ላሟ ዘይት ከበላች ወተቷም ቅባት ይበዛዋል ብሎ ያስባል። ግን በወተት ውስጥ ካለው ቅባት ግማሽ ያህሉን የሚሠራው ግቱ ራሱ ነው። የሚሠራውም በዋናነት አሴቴት ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። አሴቴት በብዛት የሚገኘው ደግሞ ጨጓራዋ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሣርና ድርቆሽ ሲያብላሉ ነው።

የአትክልት ዘይት ሲበዛ እነዚህን ባክቴሪያዎች ያዳክማል። ይባስ ብሎ ጨጓራው ከኮመጠጠ ዘይቱ ወደ ሌላ የስብ አሲድ ይቀየራል፤ ትራንስ-10፣ ሲስ-12 ይባላል። በቀን ጥቂት ግራም ብቻ ወደ ግቱ ከደረሰ ቅባት የመሥራቱን ሥራ ይቀንሰዋል።

አንድ አርቢ ቤት ያየሁት ፋጉሎ (የቅባት እህል ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው) በደንብ አልተጨመቀም ነበር። ጨበጥ ሳደርገው መዳፌ ወዛ። ሰውዬው ቅባቱ ሲወርድበት ፋጉሎ ጨመረ። ባሰበት። አሁንም ጨመረ። የወተቱ መጠን ስላልቀነሰ ጥፋቱ ከመኖው ነው ብሎ አልጠረጠረም። ብዙዎችን የሚያሳስተውም ይሄው ነው፤ ሊትሩ እንዳለ ሆኖ ቅባቱ ብቻ ይወርዳል። በቀን ከምትበላው ደረቅ መኖ ውስጥ አጠቃላይ ስቡ ከ6 እስከ 7 በመቶ አይለፍ። ዘይቱ ከቅባት እህል የመጣ ከሆነ ከዚያም በታች ይሁን።

ድርቆሹን ማድቀቅ

«እንዳይባክን» ብለው ድርቆሹን ዱቄት የሚያደርጉ አሉ። እባካችሁ ተዉት! ላም በቀን ከ100 ሊትር በላይ ምራቅ ታመነጫለች። ምራቋ ውስጥ የጨጓራውን ኮምጣጣነት የሚያበርድ ባይካርቦኔት አለ። ምራቁ በብዛት የሚመጣው ስታኝክና ስታመሰኳ ነው። የደቀቀ ድርቆሽ ደግሞ አያስመሰኳም። የመኖው የላብራቶሪ ወረቀት «አሰሩ (ቃጫው) በቂ ነው» ቢልም የአሰሩን ርዝመት አይነግራችሁም።

ላሞቹ በልተው ጋደም ሲሉ ሄዳችሁ ቁጠሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እያመሰኩ ካልሆነ ነገር አለ። ገንዳውንም እዩት። የተረፈው ረጃጅም አገዳ ብቻ ከሆነ ላሟ እህሉን እየመረጠች በልታለች ማለት ነው። እሱ ሲሆን አሰሩን በመጠኑ አሳጥራችሁ መኖውን በውሃ ረጠብ አድርጋችሁ ቀላቅሉት።

እህሉን በአንዴ ማፍሰስ

የቀኑን እህል በሙሉ አለባ ላይ ገንዳ ውስጥ መገልበጥ ጨጓራውን ባንዴ ያኮመጥጠዋል። ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው፤ ሲወርድ ኮምጣጣነቱ ጨምሯል ማለት ነው) ከ6 ሲወርድ አሰር የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ይደክማሉ። ሦስት አራት ቦታ ከፋፍሉት፤ ድርቆሽም ይቅደም።

ለጋ ሣር ላይ የተለቀቁ ላሞችም ቅባታቸው ሊወርድ ይችላል። አሰሩ ትንሽ ነው፤ ድርቆሽ ጨምሩላቸው።

የቅባት ናሙና ከመጀመሪያው ወተት አትውሰዱ። አለባው ሊያልቅ ሲል የሚወጣው ብዙ ቅባት አለው፤ የመጀመሪያው ቀጭን ነው። ሙሉውን አልባችሁ፣ አማስላችሁ ቅዱ።

ከፍ ሲል ዝም ብሎ መደሰት

በቅርቡ የወለደች ላም ቅባቷ ድንገት ሽቅብ ከወጣ የራሷን ገላ እያቀለጠች ሊሆን ይችላል። የወተቱ የቅባት መቶኛ ለፕሮቲኑ መቶኛ ሲካፈል ከ1.5 በላይ ከመጣ መኖ መዝጋቷን፣ መክሳቷን እዩ። ኬቶሲስ (የገላ ስብ በብዛት ሲቀልጥ የሚመጣ በሽታ) ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

በአራተኛው ቀን ተስፋ መቁረጥ

መኖውን ካስተካከላችሁ በኋላ ቅባቱ እስኪመለስ 2 ወይም 3 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። በመሀል ሌላ ነገር የሚቀይር ሰው የትኛው እንደሠራለት አያውቅም። አንድ ነገር ቀይሩ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ከዚያ ጠብቁ።