ኮንሶላችሁ ሞላ? ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

አዲስ ጌም ልታወርዱ ስትሉ ኮንሶሉ (የጌም መጫወቻው ማሽን) «ቦታ የለም» ካለ ምርጫው ሁለት ነው፤ ያለውን ማጥፋት ወይም ቦታ መጨመር። ማጥፋት ገንዘብ አይጠይቅም፣ ግን መቶ ጊጋ የሚጠጋ ጌም አጥፍቶ ከወር በኋላ እንደገና ማውረድ ያታክታል። ስለዚህ ብዙ ሰው ከውጭ በዩኤስቢ የሚሰካ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይገዛል። ጥሩ መፍትሔ ነው። ችግሩ በሁሉም ኮንሶል ላይ እኩል አይሠራም፣ ይህን ሳያውቁ የሚገዙም ገንዘባቸው ይባክናል።

ፕሌይስቴሽን 4 ወይም ኤክስቦክስ ዋን ካላችሁ ነገሩ ቀላል ነው። ጌሙ ሃርድ ዲስኩ ላይ ይጫናል፣ ከዚያው ይከፈታል፣ አለቀ። ፕሌይስቴሽን 4 ይህን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 4.50 ማሻሻያ ስለሆነ፣ ለረጅም ጊዜ አፕዴት ያልተደረገ ኮንሶል መጀመሪያ አፕዴት ይደረግ።

ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ወይም ኤስ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ለእነዚህ ኮንሶሎች የተሠሩ አዳዲስ ጌሞችን ኤክስተርናሉ ላይ ማስቀመጥ ትችላላችሁ፣ ከዚያ ሆነው መጫወት ግን አትችሉም። ምክንያቱ ፍጥነት ነው። የፕሌይስቴሽን 5 የውስጥ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ በጣም የሚፈጥን ማከማቻ) በሰከንድ 5.5 ጊጋባይት ያነባል፤ ተራ ሃርድ ዲስክ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ጌሞቹ ደግሞ የተሠሩት ያ ፍጥነት አለ ተብሎ ነው። «እንግዲያው ውድ የሆነ ኤክስተርናል ኤስኤስዲ ልግዛ» ብላችሁ ካሰባችሁ፣ እሱም ክልከላውን አያልፍም፤ በዩኤስቢ የተሰካ ሁሉ ሕጉ አንድ ነው።

ታዲያ ለእነዚህ ምን ይጠቅማል? በጣም ይጠቅማል። የፕሌይስቴሽን 4 ጌሞች በፕሌይስቴሽን 5 ላይ ከኤክስተርናሉ በቀጥታ ይሠራሉ፣ የኤክስቦክስ ዋን ጌሞችም ሲሪስ ላይ እንደዚያው። እኔ የምመክረው የቆዩትን ጌሞች በሙሉ ወደ ውጭ አውጥታችሁ ውስጡን ለአዲሶቹ ብቻ እንድትተዉ ነው። ለአሁኑ የማትጫወቱትን አዲስ ጌምም እንደ ጎተራ እህል እዚያ አኑሩት፤ ሲያስፈልግ ኮፒ አድርጎ መመለስ ለብዙ ሰው እንደገና ከማውረድ በጣም ይፈጥናል። አዳዲሶቹን እየተጫወታችሁ ቦታ የሚያጥራችሁ ከሆነ ግን የሚያስፈልጋችሁ ሌላ ዕቃ ነው፤ ለፕሌይስቴሽን 5 ሙቀት ማብረጃ ያለው ኤም.2 ኤስኤስዲ (ኮንሶሉ ውስጥ የሚገጠም ቀጭን ኤስኤስዲ)፣ ለኤክስቦክስ ሲሪስ ከኋላ የሚሰካው የራሱ ካርድ።

ኔንቲንዶ ስዊች ያላችሁ ሃርድ ዲስኩን እርሱት። እሱ የሚቀበለው ማይክሮ ኤስዲ የሚባለውን ትንሽ ካርድ ነው፤ ስዊች 2 ደግሞ ለጌም ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ የሚባለውን ብቻ።

ወደ ግዢው እንምጣ። ሃርድ ዲስኩ ዩኤስቢ 3.0 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ፕሌይስቴሽን 4 እና 5 የሚቀበሉት ከ250 ጊጋ እስከ 8 ቴራ ነው። ትንሹ 2.5 ኢንች ኃይሉን ከዩኤስቢው ስለሚወስድ አንድ ገመድ ይበቃዋል፣ ትልቁ 3.5 ኢንች ግን የራሱ ቻርጀር ይፈልጋል። ለብዙ ሰው ትንሹ ይሻላል። የገዛችሁት 1 ቴራ 931 ጊጋ ብሎ ቢያሳያችሁ አትደንግጡ፣ ዕቃው አልተጭበረበረም፤ አምራቹ በ1000 ሲቆጥር ብዙ መሣሪያዎች በ1024 ስለሚቆጥሩ ነው። ፍላሽ ዲስክ ለዚህ ሥራ ባትጠቀሙ ይሻላል፣ ቀርፋፋ ነው፣ ቶሎም ይደክማል።

ስትሰኩት በቀጥታ ኮንሶሉ ላይ ይሁን፣ በዩኤስቢ ማባዣ በኩል አይሁን። ከዚያ ፎርማት ይደረጋል። ፎርማት ማለት ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል ማለት ነው! ፎቶ፣ ፊልም፣ የትምህርት ፋይል ካለበት አስቀድማችሁ ኮምፒውተር ላይ ገልብጡ። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ «ሴቲንግስ»፣ «ዲቫይስስ»፣ «ዩኤስቢ ስቶሬጅ ዲቫይስስ» ገብታችሁ ሃርድ ዲስኩን ምረጡና «ፎርማት አዝ ኤክስቴንድድ ስቶሬጅ» በሉ። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ስቶሬጅ» ውስጥ ታገኙታላችሁ። ኤክስቦክስ ገና ስትሰኩት ራሱ ይጠይቃችኋል፤ ለጌም ነው በሉት፣ ስም ስጡት።

ሃርድ ዲስኩን ኮንሶሉ እየሠራ ወይም «ሬስት ሞድ» (እንቅልፍ) ላይ ሆኖ መንቀል ፋይል ያበላሻል። መጀመሪያ ከሴቲንግስ አስቁሙት፣ ወይም ኮንሶሉን ሙሉ በሙሉ አጥፉት። ፕሌይስቴሽን ላይ የጌም ሴቮች (ጌሙ ላይ የደረሳችሁበት የሚቀመጥባቸው ፋይሎች) የሚቀሩት ኮንሶሉ ውስጥ ስለሆነ፣ ጌሙን ወደ ውጭ ስላወጣችሁ ብቻ ሴቩ ተረፈ ብላችሁ ኮንሶሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ እንዳታጠፉት፤ ሴቩን ለብቻው ባክአፕ አድርጉ።

ከፕሌይስቴሽን 4 ወደ 5 የምትሻገሩ ከሆነ ደግሞ ያንኑ ሃርድ ዲስክ ነቅላችሁ አዲሱ ላይ ሰኩት። እንደገና ፎርማት ሳይጠይቅ ጌሞቹ በገዛችሁበት አካውንት ይከፈታሉ።