ወሰኑ ባልተቋጨ ባሕር ላይ አብሮ መሥራት፦ በትምህርት ቤት ግቢ የሚካሄድ የድርድር ልምምድ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ከአጥራችን ባሻገር ኮንቴነር የጫኑ መኪኖች ወደ ጅቡቲ ሲወርዱ ቀኑን ሙሉ ይታያሉ፤ ተማሪዎቼ ግን አብዛኞቹ ባሕር አይተው አያውቁም፤ ሰፊ ውሃ ሲባል የሚመጣላቸው የቢሾፍቱ ሐይቅ ነው። ስለ ባሕር ስናነሳ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ "የማን ነው?" የሚል ነው። እኔ ግን ከዚያ የሚቀጥለውን ቢያውቁት እወዳለሁ። ሁለት አገሮች ወሰናቸውን ሳይቋጩ በዚያው ውሃ ላይ ዓሣውን አብረው ሊጠብቁ፣ ጋዙን አብረው ሊያወጡ፣ የጠፋ ጀልባ አብረው ሊፈልጉ ይችላሉ። በቃል ብቻ ሲነገር ይህ አይታመንም። ስለዚህ እኔ የማሠራበትን መንገድ ለመምህራንና ለክበብ ተጠሪዎች ልጻፈው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ የመረብ ኳስ ሜዳ የሚሰመርበት ኖራ፣ ክዳን ያለው ጣሳና ጥቂት ሽምብራ ነው። ሜዳው ላይ በኖራ ሁለት ትይዩ መስመሮች አስምሩ፤ እነዚህ የሁለቱ አገሮች ጠረፎች ናቸው፤ ክፍሉን ለሁለት ቡድን ከፍላችሁ ለየቡድኑ አንድ አንድ አገር ስጡ። አንድ እርምጃ 25 የባሕር ማይል ይሁን፤ አንድ የባሕር ማይል 1852 ሜትር ነው። በጠረፎቹ መካከል 12 እርምጃ፣ ማለትም 300 ማይል ተዉ። እርምጃውን ለሁለቱም ወገን አንድ ልጅ ብቻ ይለካ፤ አለዚያ ረጅም እግር ያለው ቡድን ባሕር ያተርፋል፣ ጭቅጭቁም ያለ ቦታው ይጀመራል።

የ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት ለጠረፍ አገር እስከ 200 ማይል የሚደርስ ልዩ የኢኮኖሚ ቀጣና፣ ማለትም ዓሣውና የውሃው ሥር ሀብት የእሱ የሚሆንበት ውሃ፣ ይፈቅዳል። ስለዚህ ከየጠረፉ ስምንት ስምንት እርምጃ ይራመዱ። ሁለቱ ተራማጆች ተላልፈው፣ አንዱ ከሌላው ጀርባ ሲቆም ክፍሉ በሙሉ ነገሩ ይገባዋል፦ መካከል ላይ አራት እርምጃ ስፋት ያለው ውሃ ሁለቱም በሕግ የኔ ነው ሊሉት ይችላሉ። አንዳቸውም አልዋሹም፣ አንዳቸውም ወራሪ አይደሉም። እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፤ የልምምዱ መሠረት ይህ ነው። ለጠረፍ የቀረበው ግማሽ እርምጃ የሚያህል ውሃ ግን አገሩ እንደ መሬቱ የሚያዝበት 12 ማይሉ የግዛት ባሕር ነው፤ እሱ ለድርድር አይቀርብም።

ቀጥሎ አንድ ድንጋይ ወስዳችሁ የጋራ ጥያቄ ካለበት ውሃ ዳር አስቀምጡ። ደሴት ነው ወይስ ዓለት? ሰው ሊኖርበትም ሆነ የራሱ የኢኮኖሚ ሕይወት ሊኖረው የማይችል ዓለት የራሱ የኢኮኖሚ ቀጣና የለውም፤ አገሮች ግን ድንጋያቸውን መነሻ አድርገው መስመሩን ወደ ፊት መግፋት ይፈልጋሉ። ታይላንድና ማሌዥያ የተጋጩት ኮ ሎሲን በምትባል ከውሃው ጥቂት ብቻ ብቅ ባለች ዓለት የተነሳ ነው። ታይላንድ ከእሷ ለካች፣ ማሌዥያ አልቆጠረቻትም፤ በሁለቱ መስመሮች መካከል የቀረው ውሃ አከራካሪ ሆነ። በ1979 ቺያንግ ማይ ላይ ክርክሩን ወደ ጎን አድርገው የውሃውን ሥር ሀብት በእኩል ሊካፈሉ ተስማሙ።

አሁን ድርድሩ ይጀመር። ተማሪ ሁሉ ወደ ገንዘቡ ይሮጣል፤ አትፍቀዱ። መጀመሪያ የሚጻፈው አንቀጽ የማንንም መብት የማይነካው ነው። የባሕር ሕጉ አንቀጽ 74 እና 83፣ ሁለቱም በንዑስ አንቀጽ 3፣ አገሮች የመጨረሻው ወሰን እስኪሰመር ድረስ ተግባራዊ የሆነ ጊዜያዊ ስምምነት ላይ ለመድረስ እንዲጥሩ ያዛሉ፤ ያ ስምምነት የመጨረሻውን ወሰን እንደማይወስንም ይደነግጋሉ። በራሳቸው አማርኛ ይጻፉት። አንዲት ተማሪ የጻፈችውን አሁንም ለሌሎች ክፍሎች አነባለሁ፦ "አብረን መሥራታችን ማንኛችንም መብታችንን ለቀናል ማለት አይደለም፤ ነገ ፍርድ ቤት ብንቆም ይህ ወረቀት ማስረጃ ሆኖ አይቀርብብንም።" ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ይህ አንቀጽ ከሌለ ተደራዳሪው አገር ቤት ሲመለስ "ባሕራችንን ሸጠ" ይባላል፤ ሲኖር ግን ለመፈረም ድፍረት ያገኛል።

"ታዲያ ወሰኑ ለዘለዓለም ሳይሰመር ሊቀር ነው?" ብለው ይጠይቃሉ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የባሬንትስን ባሕር ንገሯቸው። ኖርዌይና ሶቭየት ኅብረት ከ1970ዎቹ ጀምሮ የዓሣውን ኮታ በጋራ ሲወስኑ ቆዩ፤ የወሰኑን ውል ኖርዌይና ሩሲያ የፈረሙት በ2010 ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ዓሣው አላለቀም።

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው፦ በጋራው ውሃ ላይ የማን ሕግ ይሠራል? ሁኔታዎችን በካርቶን ቁራጭ ጽፋችሁ አንድ በአንድ አውጡላቸው። በቁፋሮ መድረኩ ላይ ሠራተኛ ሞተ፤ ማን ይመርምር? ነዳጅ ፈሰሰ፤ ማን ያጽዳ? ግብሩ ለማን? ሲጨነቁ ሦስት መንገድ አሳዩአቸው። ሳዑዲ ዓረቢያና ባሕሬን በ1958 ሲዋዋሉ አንዱን የነዳጅ ቦታ ሳዑዲ እንድታስተዳድረው፣ የተጣራው ገቢ ግማሽ ለባሕሬን እንዲሰጥ አደረጉ። ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ በ1974 በፈረሙት ውል ቀጣናውን ከፋፍለው፣ በየክፍሉ ሥራውን ለሚመራው ኩባንያ ፈቃድ የሰጠው አገር ሕግ እንዲሠራ ወሰኑ። ታይላንድና ማሌዥያ ደግሞ የጋራ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። ይህ ሦስተኛው ፍትሐዊ ይመስላል፣ ተማሪዎችም ይወዱታል፤ ግን ዝርዝሩ እስኪጻፍ ድረስ ከ1979 እስከ 1990 ፈጅቷል፤ ጋዙ የወጣው በ2005 ነው። ጥሩ ስምምነት ትዕግሥት እንደሚጠይቅ እዚህ ላይ አስረግጡ።

ከዚያ ጣሳው ይምጣ፤ ሽምብራው የውሃው ሥር ነዳጅና ጋዝ ነው። ሽምብራውን ስንት እንደሆነ ሳትነግሯቸው ክዳኑን ገጥማችሁ መካከል ላይ አኑሩት፤ ድርሻውን ሳይከፍቱ ይወስኑ። ሲካፈሉ የግድ እኩል መሆን የለበትም፦ በ2002ቱ የቲሞር ባሕር ውል ከጋራው ቀጣና ነዳጅ 90 በመቶው ለቲሞር ሌስቴ፣ 10 በመቶው ለአውስትራሊያ ነበር፤ ቋሚ ወሰናቸውን በውል የቋጩት በ2018 ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጣሳውን ባዶ አድርጉት። ሱዳንና ሳዑዲ ዓረቢያ በ1974 በቀይ ባሕር ጥልቅ ወለል ላይ ያለውን ማዕድን ለመካፈል ተስማምተዋል፤ እስካሁን ለገበያ አልወጣም። የማብቂያ ዓመትም ያስገቡ፤ የጃፓንና የኮሪያው ውል በ1978 ሥራ ላይ ውሎ በ2028 ሃምሳ ዓመቱን ይሞላል።

ሰዓቱ አልቆ ካልተስማሙ አታስገድዷቸው። የነፍስ አድን ጥሪና የዓሣ አጥማጆች ደኅንነት ላይ ብቻ ቢፈርሙም ይበቃል። ለሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ግን ቡድኖቹን አቀያይሩ፤ ትናንት ለምሥራቁ የተሟገተ ዛሬ ለምዕራቡ ይሟገት።

አንድ ነገር አደራ፦ በአሰብ አትጀምሩ። ክፍሉ ውስጥ ቤተሰቡ ከዚያ የመጣ፣ በጦርነቱ ዘመድ ያጣ ልጅ ይኖራል፤ የመማሩ ሰዓት ወደ ቁስል ይዞራል። ከሩቅ ባሕር ተነስታችሁ በሁለተኛው ቀን በቀይ ባሕር ወዳሉት የሐኒሽ ደሴቶች ድረሱ። ኤርትራና የመን በታኅሣሥ 1995 ተዋጉበት፤ ከዚያ ወደ ግልግል ዳኝነት ሄዱ። ዳኞቹ በ1998 የዙቀርና የሐኒሽ ደሴቶችን ለየመን ሰጡ፣ በ1999 የባሕሩን ወሰን አሰመሩ። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ስለ አጥማጆቹ የወሰኑት ነው፦ የሁለቱም አገር ባህላዊ ዓሣ አጥማጆች እንደ ድሮው በደሴቶቹ ዙሪያ እንዲያጠምዱ፣ ወደ ማዶ ወደብ ገብተው ዓሣቸውን እንዲሸጡ። ሉዓላዊነቱ ለአንዱ ሆኖ መረቡ የሁለቱም ሆነ። ይህንን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡላቸው።

"እኛስ?" ማለታቸው አይቀርም። መልሱ ይኑራችሁ። ባሕር ላይ የሚደረገውን ውንብድና ለመከላከል በጥር 2009 ጅቡቲ ላይ የወጣውን የሥነ ምግባር ደንብ ከፈረሙት አንዷ ወደብ የሌላት ኢትዮጵያ ናት። የባሕር ሕጉ አንቀጽ 69 ደግሞ ባሕር አልባ አገር በአካባቢው ካሉ ጠረፍ አገሮች የኢኮኖሚ ቀጣና ከሚተርፈው ዓሣ የመካፈል መብት እንዳለው ይናገራል፤ ዝርዝሩ የሚወሰነው ግን በአገሮቹ ስምምነት ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን ከሁለቱ ጠረፎች ኋላ ሦስተኛ ቡድን አቁሙ። ይህ ቡድን ስለ ጣሳው ሽምብራ፣ ማለትም ስለ ነዳጁና ጋዙ፣ አንዲት ቃል መናገር አይችልም፤ ስለሚተርፈው ዓሣና ወደ ባሕር ስለሚያደርሰው መንገድ ግን ሁለቱንም ቡድኖች ማነጋገር ይችላል።